ደብተሩ እቤት፣ ልጁ ካምፕ፦ ወደ ጦር አካዳሚ ከመግባት በፊት የባንክ ሒሳብ እንዴት ይሰናዳል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከባንክ መስኮት ኋላ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ ዘመን ካልረሳኋቸው ሰዎች አንዷ ከመንዝ የመጡ እናት ናቸው። የገበያ ቀን ነው፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ተራቸው ሲደርስ ከጋቢያቸው ስር በፌስታል ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ የቁጠባ ደብተር አወጡና በመስኮቱ ቀዳዳ ሰደዱልኝ።

«ሁለት ሺህ ብር አውጣልኝ የኔ ልጅ፤ ለማዳበሪያ ነው።»

ደብተሩን ገለጥኩት። ስሙም ፎቶውም የወንድ ነው።

«እማማ፣ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት።»

«ከየት ይመጣል? ወታደር ቤት ገባ እኮ። ወር ሊሆነው ነው።»

«ውክልና ሰጥቶዎት ሄደ?»

«ደብተሩን ሰጠኝ እንጂ! ‹እማዬ፣ ሲቸግርሽ አውጪ› ብሎ በእጄ አስጨብጦኝ ነው የሄደ።»

ገንዘቡ አለ፤ ልጁም ፈቅዷል፤ እናትየውም ውሸት የለባቸውም። እኔ ግን አንድ ብር መስጠት አልቻልኩም። ደብተር ያስገቡትንና ያወጡትን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ለባንክ ሰውን ሰው የሚያደርገው መታወቂያውና ፊርማው፣ ባለቤቱ ከሌለም በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ነው። እናትየው ደብተሩን መልሰው ሲጠቀልሉ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚገባኝን ነው ያሉኝ።

ልጅ ለእጩ መኮንንነት ወይም ለሌላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊገባ ሲል ቤተሰቡ የሚያስበው ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ በሶና ቆሎ ነው። ስለ ባንክ ሲነሳ «ሒሳብ አለው» ተብሎ ይታለፋል። ሒሳብ መክፈትማ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጣጣው ባለቤቱ ስልክ በማያነሳበትና ፈቃድ በማያገኝበት በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ሒሳቡ ሳይቆለፍ እንዲሠራ አድርጎ መሄዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ አከፋፈቱ ሳይሆን ስለ አያያዙ ነው።

ከስም ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የእኛ አገር ስም ለኮምፒውተር አይመችም። አያቱ «ኃይለ ማርያም» የሚባሉ ልጅ የ12ኛ ክፍል ካርዱ ላይ «ኃይለማርያም» ተብሎ አንድ ላይ ይጻፋል፣ ቀበሌ መታወቂያው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ አንዱ ጸሐፊ አንድ ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። አባቱ «ገብረ ጻድቅ» ከሆኑማ ጭራሽ ይብሳል፤ መዝጋቢው በሁለት ከከፈለው «ገብረ» የአባት ስም፣ «ጻድቅ» የአያት ስም ይሆንና እውነተኛው አያት ከመዝገብ ይጠፋሉ። በዓይን ለሚያነብ ሰው ሁሉም ያው አንድ ልጅ ነው። ደመወዝ የሚያስተላልፈው ሥርዓት ግን የሚያየው የተለያየ ስም ስለሆነ ክፍያው ሊመለስ ይችላል። እጩው ያኔ የት ነው? መስክ ላይ። የስም ማስተካከያ ማመልከቻውን ማን ይፈርም?

የትውልድ ቀንም እንደዚሁ ነው። ጥቅምት 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ ቅጹን ሲሞላ ቀኑን ከአንዱ፣ ዓመቱን ከሌላው ቆጠራ የሚያቀላቅል ብዙ አይቻለሁ። አንድ ማለዳ ተቀመጡና የትምህርት ማስረጃውን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያውንና የባንክ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ የሚስተካከለው መታወቂያው ነው፤ ባንኩ የሚከተለው እሱን ነውና።

ፋይዳ ያልያዘ ልጅ ካለ ከሁሉም በፊት እሱን ይያዝ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ይህ የዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ባንኮችም አሁን ሒሳብ ሲከፍቱ ይጠይቁታል። ምዝገባው በነጻ ነው። ቁጥሩ በስልክ አጭር መልእክት ስለሚደርስ፣ ሲመዘገብ የሚሰጠው ስልክ የራሱ እንጂ የጓደኛው ወይም የዲኤስ ቲቪ ቤቱ ባለቤት መሆን የለበትም። ሳቅ እንዳይመጣባችሁ፤ ደርሶ ያየሁት ነው። በነገራችን ላይ እናትም ብትመዘገብ ይሻላል፤ ኋላ ገንዘብ አውጪዋ እሷ ልትሆን ትችላለች። ዕድሜ ልኳን ገብስ ስታሽ፣ ሱፍ ስትፈትል፣ ኩበት ስትጠፈጥፍ የኖረች ሴት የጣት አሻራዋ ተፍቆ መሣሪያው ቶሎ አያነብላትም፤ መዝጋቢው ደጋግሞ እስኪሞክር መታገሥ ነው። የዓይኑ ምስል የሚረዳውም ለዚህ ነው።

ባንክ ሲመረጥ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ደመወዝ ወይም የኪስ ገንዘብ በየትኛው ባንክ በኩል እንደሚከፈል የሚወስነው ተቋሙ ስለሆነ የጥሪ ደብዳቤው ላይ ወይም ምዝገባው ላይ የተባለውን መከተል ነው። ካልተባለ ቅርንጫፉ የበዛውን፣ ማለትም ከቤተሰቡ ወረዳ ከተማም ከማሠልጠኛውም አቅራቢያ የሚገኘውን መያዝ ብልህነት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚህ ማንም አይደርስበትም፤ መሐል ሜዳም፣ ዓለም ከተማም፣ አረርቲም፣ ሸዋ ሮቢትም አለ። ኤቲኤም ሲሆን ግን ባንኮቹ ኢትስዊች በተባለው የጋራ መረብ ስለተያያዙ የአንዱ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል፤ ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል እንጂ።

ሒሳቡ የቁጠባ ይሁን። ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ 10,000 ብር የተኛበት ሰው ከግብር በፊት 700 ብር ያገኛል። የኑሮ ውድነቱ ከዚህ እንደሚቀድም ለማንም አይነገርም፣ ግን ፍራሽ ስር ካለው ይሻላል። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ወጣት «ከወለድ ነጻ» ብሎ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ባንኮች ለብቻው መስኮት አላቸው።

አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ልጁ ሕፃን ሳለ እናት ወይም አባት የከፈቱለት ሒሳብ ካለ፣ እዚያ ላይ የሚፈርሙት አሁንም ሞግዚቱ ናቸው። 18 ዓመት ሲሞላው ቀርቦ በራሱ ስም፣ ፊርማና ፎቶ ማደስ አለበት። «ሒሳብማ ከድሮ አለኝ» የሚል እጩ አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ልጁ በሌለበት ማን ያውጣ?

ማስገባት ችግር የለውም። ስሙንና የሒሳብ ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ማስገባት ይችላል፤ የንግድ ባንክ ቁጥር ከሆነ በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው። ማውጣት ግን የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ይህን ለሌላ ሰው ማካፈያ ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

አንደኛው የጋራ ሒሳብ ነው። እናትና ልጅ አብረው ቀርበው በሁለቱም ስም ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ቅጹ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ነገሩን ሁሉ ትወስናለች። «እና» ከተባለ ገንዘብ የሚወጣው ሁለቱም ሲፈርሙ ነው። «ወይም» ከተባለ አንዱ ብቻውን ይበቃል። ወደ ካምፕ ለሚሄድ ልጅ «እና» ብሎ መፈረም ገንዘቡን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ እንደመሄድ ነው፤ ግን ለጥንቃቄ መስሏቸው የሚመርጡት አሉ። «ወይም» ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው፤ ገንዘቡ የሁለቱም ነው ተብሎ ስለሚታይ፣ እናት ላይ ዕዳ ቢመጣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ ጭቅጭቅ ቢነሳ የልጁ ደመወዝ አብሮ ይጎተታል። እኔ ልጁ ደመወዙን በሙሉ በጋራ ሒሳብ እንዲቀበል አልመክርም። ለቤት ወጪ የተለየች ትንሽ የጋራ ሒሳብ ብትኖር ክፋት የላትም።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ገንዘቡ የልጁ እንደሆነ ይቀራል፣ እናት በእሱ ስም ታወጣለች። በክልላችን የወረዳና የከተማ ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች ሰነድ ያረጋግጣሉ፤ ወካዩ ራሱ በአካል መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል። ከገባ በኋላ የማይቻለው ይሄኛው ነው። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች «ጠቅላላ ውክልና ላድርግልህ? ሁሉን ይይዛል» ይላሉ። አትቀበሏቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚያሠራ ይደነግጋል፤ ባንኮችም ስለ ገንዘብ ማውጣት በግልጽ ያልተጻፈበትን ወረቀት አገላብጠው ይመልሱታል። የባንኩ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ «ገንዘብ እንድታስገባልኝ፣ እንድታወጣልኝ፣ የሒሳብ መግለጫ እንድትወስድልኝ» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ። ኤቲኤም ካርዱ ገና ካልደረሰ «ካርድ እንድትረከብልኝ» የምትለውም ትግባ። ልጁ ካልፈለገ ቤት መሸጥና ብድር መበደር የሚሉት እዚያ ወረቀት ላይ ምን ይሠራሉ?

የተረጋገጠው ወረቀት ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ። በዚያው ቀን ወደ ባንኩ ተወስዶ ፋይል ውስጥ ይያያዝ፤ እናትም የፊርማ ናሙና ትስጥ፤ መፈረም ካልቻለች አሻራዋን። መስኮት ላይ እንደተቀመጠ ሰው የምነግራችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ድንገት ይዛችሁት የምትመጡት ውክልና ተጠርጥሮ ይታያል፤ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ያስረከበው ግን ማንንም አያጠራጥርም። ልጁ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ያኔም ለባንኩ ማሳወቅ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን የምወደው ነው፤ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ። ልጁ አንድ ቅጽ ይፈርማል፤ በየወሩ በዚህ ቀን ከሒሳቤ ላይ 1,500 ብር ወደ እናቴ ሒሳብ አዛውሩ ይላል። ከዚያ በኋላ የእሱ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም፤ እናት ከራሷ ሒሳብ ታወጣለች፤ ልጁም ቀሪው እንደማይነካ ያውቃል። ጉድለቱ ሁለት ነው። በተባለው ቀን ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ አይዛወርም፤ ስለዚህ ቀኑ ደመወዝ ከሚገባበት ትንሽ ዘግየት ይበል። ደግሞም ለድንገተኛ ነገር አይሆንም፤ ላም ብትታመም ትእዛዙ 1,500ውን ይሰጣል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ቋሚ ትእዛዙን ለወር ወጪ፣ ውክልናውን ለክፉ ቀን አድርጎ ሁለቱንም መያዝ ነው የሚበጀው።

ማንም ማንሳት የማይወደውን ነገር በአንድ አንቀጽ ልናገርና ልለፈው። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የሚያስወጣው ከፍርድ ቤት የሚገኝ የወራሽነት ማስረጃ ነው። ያገባ ወይም ልጅ ያለው እጩ ከሆነ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹ ተመዝግበው እቤት ይቀመጡ።

ስልኩስ? የዛሬ ባንክ ግማሹ ስልክ ውስጥ ነው። በሥልጠና ወቅት ስልክ ከእጅ የሚርቅበት ጊዜ ስላለ ቁጥሩ ለወራት ሊተኛ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተደወለበት ሲም ደግሞ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያ የማታውቁት ሰው የባንክ መልእክት ሲመጣለት ይታያችሁ። ስለዚህ ሲሙ እቤት ይቅር፤ እናት ወይም እህት በትንሽ ቀፎ ውስጥ አድርገው አልፎ አልፎ ይደውሉበት፣ ካርድ ይሙሉበት። ገንዘብ ሲገባ መልእክቱን ያዩታል። ሚስጥር ቁጥሩን ግን አይወቁት። «እናቴን ካላመንኩ ማንን ላምን?» ይባላል፤ ነገሩ የእምነት አይደለም። ቀፎ ገበያ ላይ ይጠፋል፣ ቁጥሩን የሚያውቅ አምስት ሰው ካለ ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ ወንድምን ከወንድም ያጣላል። እናት በውክልናዋ በመስኮት ታውጣ፤ ፊርማዋ ይመሰክርላታል። ቴሌብር ላይ ያለች ገንዘብ ካለችም ከመሄዱ በፊት ወደ ባንክ ትዛወር፤ ከሲሙ ጋር የተሳሰረች ነች።

ልጁ በፈቃድ መጥቶ ሲሙን በሚያገኝባት ቀን ደግሞ መተግበሪያ ላይ ብቻ አይመካ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዴት እንደነበርን ሰሜን ሸዋ ላይ ያለ ሁሉ ያስታውሰዋል። *889# ተብሎ የሚደወለው የንግድ ባንክ አገልግሎት ያለ ኢንተርኔት፣ በቁልፍ ስልክም ይሠራል፤ ከመሄዱ በፊት ተመዝግቦ አንዴ ይሞክረው። የኤቲኤም ካርዱንም እንደዚሁ። የተሰጠውን ጊዜያዊ ፒን ማሽኑ ላይ ሄዶ ካልቀየረ፣ ከሦስት ወር በኋላ ረስቶት ደጋግሞ ሲሳሳት ይቆለፍበታል።

ስለ መጀመሪያው ደመወዝ ቤተሰብ ተስፋውን ይለካ። ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1802 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የአሜሪካው ዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ የሚገቡ ወጣቶችም ደመወዛቸው በቀጥታ የሚገባበትን ሒሳብ አስቀድመው ያዘጋጃሉ፤ ደመወዝ አላቸው፣ ግን በጅማሬው ብዙው ለደንብ ልብስ፣ ለኮምፒውተርና ለመሰል ዕቃ እየተቆረጠ እጃቸው የሚደርሰው ትንሽ ነው። እዚህም ምዝገባው፣ የስም ዝርዝሩ፣ የሒሳብ ቁጥሩ እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል። በልጁ የመጀመሪያ ደመወዝ የሚከፈል ዕቁብ አትግቡ። የጀመረው ዕቁብ ካለም ማን እንደሚጥልለትና ዕጣው ሲወጣ ማን እንደሚቀበል ከሰብሳቢው ጋር ይነጋገር።

ልጅ ወታደር ቤት የገባበት ቤት ስልክ ሲጮህ ልቡ ይደነግጣል፤ አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። «ልጅዎ ታሟል፣ ለመድኃኒት በዚህ ቁጥር ላኩ» ሊል ይችላል። «ከባንክ ነው፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሊል ይችላል። ባንክ ደውሎ ሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ለልጁ ገንዘብ የሚላከው ራሱ ትቶት በሄደው የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚህ የወጣ ሁሉ፣ አለቃው ነኝ ቢልም፣ ይቆይ። አንድ የቤት ውስጥ ጥያቄም አብጁ፤ ለምሳሌ «የቀይዋ ላም ስም ማነው?»፤ ማንም ቢደውል መጀመሪያ ይቺን ይመልስ።

የሒሳብ ቁጥሩን በሁለት ወረቀት ጻፉት፤ አንዱ ከልጁ ማስታወሻ ደብተር፣ አንዱ ከእናት ጋር። ፒኑ ከካርዱ ጋር በአንድ ኪስ አይደር።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ልምምድ አድርጉ። ልጁ ከባንኩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ይቀመጥ። እናት መታወቂያዋን ይዛ፣ ልጇ አጠገቧ ሳይኖር፣ ብቻዋን ትሰለፍና ከእሱ ሒሳብ 100 ብር ታውጣ። ከተሰጣት ይዛው ትምጣ፣ የሻዩን ትክፈል። ቴለሩ «ይሄ ይጎድላል» ካላት ደግሞ ወደ በሩ ወጥታ ትጥራው፤ ልጁ ገና እዚያው ነው፣ መንገዱን ተሻግሮ ይፈርማል።